እናቴ የጀመረችው ጋቢ

እናቴ ስታርፍ አንድ ሙዳይ ሙሉ ልቃቂት ትታ ነው የሄደችው። ለታናሽ ወንድሜ ጋቢ ብላ የፈተለችው ማግ ነው። “ሲያገባ ይለብሰዋል” ትል ነበር። ወንድሜ ሳይለብሰው አገባ። ሙዳዩ ቁም ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ስድስት ዓመት ሞላው። አቧራውን እጠርጋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ክዳኑን ለመክፈት ግን አንድ ቀንም አልደፈርኩም።

ዘንድሮ ለወንድሜ ወንድ ልጅ ተወለደለት። በሳምንቱ አክስቴ ደወለች።

“ያ የእናትሽ ማግ አለ አይደል?”

“አለ እትዬ።”

“በይ አውጪው። ለአርባው ካልደረሰ መቼ ሊደርስ ነው?”

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያቺ “ሊደርስ” የምትል ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። ቀኑን ሙሉ ከቃል ጋር ነው የምውለው። እንዲያም ሆኖ አንዳንዴ ዕድሜ ልኬን ስናገረው የኖርኩት ቃል እንደ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ።

ደረሰ። እህል ይደርሳል። ወጥ ይደርሳል። ጠላ ይደርሳል። ልጅ ለትምህርት ይደርሳል፣ ኋላም ለትዳር ይደርሳል። የተጨነቀ ሰው “ድረሱልኝ” ይላል፤ ከጭንቁ የወጣ “ደረሰልኝ” ይላል። ከፍለን የምንቀበላት ወረቀት እንኳ “ደረሰኝ” ናት። በዓል ሲመጣ ደግሞ “እንኳን አደረሰህ” እንባባላለን። “እንኳን ደረስክ” አንልም። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ በገዛ እግሩ ሮጦ፣ በገዛ ላቡ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ምርቃቱ ግን ያደረሰ አለ ብሎ ይጀምራል። “ካሰብሽው ያድርስሽ” የሚሉኝ እናቶችም ያው ናቸው። “ድረሺ” ብለውኝ አያውቁም።

ሙዳዩን የዚያኑ ዕለት ማታ ከፈትኩት። ልቃቂቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል። ከሥር እንዝርቷ አለች። ግማሽ ድረስ ክር ተጠቅልሎባታል። ከጎኗ ጭብጥ የምታህል ባዘቶ። ፈትላ ፈትላ፣ ሲደክማት “ነገ እቀጥላለሁ” ብላ ነው ያስቀመጠችው። በመጨረሻዋ ዓመት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊጠይቋት የመጡ ጎረቤቶች ሲወጡ በር ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ጨረሳት እኮ” ይሉ ነበር።

ይህም ቃል ያው የሥራ ማለቂያ ቃላችን ነው። ቤቱን ጨረሰ፣ ትምህርቱን ጨረሰ እንላለን። ብሩን ጨረሰው፣ እንጀራውን ጨረሰው፣ በሽታው ጨረሳት እንላለን። እሷ ማጉን ሳትጨርስ እሱ እሷን ጨረሳት። “ጨረስኩ” ብዬ ስናገር ከደስታው ሥር ድካም የሚሰማኝ ለዚህ ይመስለኛል። ቃሉ ውስጥ የተሟጠጠ ዕቃ ይታየኛል። የመጨረሻዋን ገጽ አርሜ ሳስረክብ ጨረስኩ እላለሁ፤ እውነትም ከኔ የቀረ ነገር የለም።

በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች የተሸመነውን ይሸጣሉ። ሸማኔዎቹን ለማግኘት ወደ ውስጥ፣ ወደየግቢው መግባት ነው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ወይም የነሱ ልጆች ናቸው። አክስቴ የነገረችኝን ሽማግሌ አገኘኋቸው። እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል። ሥራቸውን አቁመው ሙዳዩን ተቀበሉኝ። አንዱን ልቃቂት አወጡና ክሩን በሁለት ጣት መሐል ሳብ አድርገው አዩት።

“ማን ነው የፈተለው?”

“እናቴ ናት። አርፋለች።”

“ነፍስ ይማር” አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ “ፈታይ ነበሩ” አሉ።

እናቴ በሕይወቷ ብዙ ተመስግናለች። ከዚህች ሁለት ቃል የሚስተካከል ግን አልሰማሁም።

ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ እያወጡ ጭናቸው ላይ ደረደሩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይጎድላል፣ ልጄ” አሉኝ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ለነጠላ ተርፎ የሚፈስ ማግ ለጋቢ አይበቃም። ድሩን፣ በቁመት የሚዘረጋውን ክር፣ ገበያ እገዛለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ድር ዛሬ የፋብሪካ ነው። በአግድም የሚገባው ማግ ግን የእጅ ካልሆነ ጋቢው ጋቢ አይሆንም። ያ ልስላሴና ሙቀት የሚመጣው ከማጉ ነው። “ሩብ ያህል ይጎድላል። የፋብሪካ ልጨምርበት?” ሲሉኝ ሳላስበው “አይሆንም!” አልኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ጎረቤት ያለው ወጣት ሸማኔ ቀና ብሎ አየኝ።

አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። “አምጪው፣ እኔ እፈትለዋለሁ” አለች። እየፈተለች ሳለች ከጎኗ ተቀምጬ አየኋት። አዲስ እንዝርት አላነሳችም። የእናቴን እንዝርት ነው የያዘችው። ግማሽ የቀረውን ክር ጫፉን ፈለገች፣ አገኘችው። ጣቷን በምራቋ ነካ አደረገችና ጫፉን ከራሷ ባዘቶ ጋር አገናኘችው። እንዝርቱን ጭኗ ላይ ሽር አድርጋ ለቀቀችው። ለአንድ አፍታ የሚበጠስ መሰለኝ። ያዘ። ስድስት ዓመት ቆሞ የነበረ ክር መሄድ ጀመረ።

በነዚያው ሳምንታት የአክስቴ የልጅ ልጅ ተመረቀች። ለቤተሰቡ ድግስ የምታነበውን ንግግር እንዳርምላት ላከችልኝ። “በብርቱ ጥረቴ ሕልሜን አሳካሁ” ይላል መጀመሪያው። ፊደል አልተሳሳተችም። ሰዋስዋዊ ስህተትም የለበትም። አንዲት ልጅ ሻማ እያበራች፣ በፎቶ ኮፒ መጽሐፍ አምስት ዓመት ተምራ ስታበቃ “አሳካሁ” ብትል መብቷ ነው። ብዕሬ ግን እዚያ ላይ ቆመ። ለአክስቴ አነበብኩላት። እንዝርቷን ሳታቆም፣ “ተሳካልኝ ብትል ምን አለ?” አለች።

ይህን ነገር ከዚያ በፊት አስተውዬው አላውቅም ነበር። ሰካ ማለት አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት ነው። ዶቃ ክር ላይ ይሰካል። ሶኬት ግድግዳ ላይ ይሰካል። ተሳካ ስንል ግን ነገሮቹ እርስ በርስ ገቡ፣ ገጠሙ፣ ተያያዙ ማለታችን ነው። አንድ ነገር ብቻውን አይሳካም። ከምን ጋር ይገጥማል? ስኬት የምንለው ትልቅ ቃል ከዚህች ትንሽ ዶቃ መስካት የወጣ ነው።

ከዚያ ደግሞ ያቺ “ልኝ” አለች። ተሳካልኝ። ሞላልኝ። ሰመረልኝ። ሆነልኝ። ያለ ልኝ የሚሄደውም “ቀናኝ” ነው እንጂ “አቀናሁት” አይደለም። ገበያ ውላ የምትገባ ነጋዴ “ዛሬ ቀንቶኛል” ትላለች። ሌሊት ተነስታ ጭነት የተሸከመችው እሷ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የጮኸችው እሷ ናት። ሲነገር ግን ነገሩ ራሱ መጥቶ የቀናት ያስመስለዋል። ይህን አንዳንድ ሰው የራስን ልፋት ማሳነስ ነው ይለዋል። እኔ እንደዚያ አይሰማኝም። የለፋ ሰው ስንት ነገር በእጁ እንዳልነበረ ያውቃል። ዝናቡ በሰዓቱ ባይመጣ፣ መምህሩ ባያዝንለት፣ እናቱ ያን ዓመት ብትታመም የት ይደርስ እንደነበር ያውቃል። “ልኝ” ይህንን ሁሉ በሁለት ፊደል ይዛ ትዞራለች።

የዛሬው ጽሑፍ “ግቤን መታሁ”፣ “ራእዬን እውን አደረግሁ” ይወዳል። በቀን አሥር ጊዜ ያጋጥመኛል። ሁሉም አረፍተ ነገር ላይ “እኔ” ፊት ለፊት ቆሟል። አልሰርዘውም፤ የጸሐፊው ነው። ግን ይሄ አነጋገር ሲበዛ ያሳዝነኛል። ሰው ሳይሳካለት ሲቀርም ጥፋቱ የሱ ብቻ ይሆናል ማለት ነዋ። “አልቀናኝም” ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ አድሮ ጠዋት መነሳት የሚችል ሰው፣ “አላሳካሁም” ካለ ራሱን ይበላል።

ሕልም የሚለውም ቃል ቢሆን በዚህ ትርጉሙ ለአማርኛ ገና እንግዳ ነው። ትልልቆቹ ቤት ሕልም የሚፈታ ነገር ነው። ጠዋት ለንስሐ አባት ወይም ለአዋቂ ይነገራል። ሰው ሊሠራው ያሰበው ነገር ሐሳብ ነው፣ ውጥን ነው፣ ትልም ነው። ትልም ገበሬው መጀመሪያ መሬቱ ላይ የሚያወጣው መስመር ነው። እኔ ትልም የሚለውን እወደዋለሁ። ከመጀመሪያውም አፈር የነካ ነው።

ልጅቷን ደውዬ የአያቷን አስተያየት ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። “እማዬ ለኔ ክፍያ ብላ ማጀቷን ስንቴ አከራየች” አለችኝ፤ ድምፅዋ ተለወጠ። ማታ የላከችልኝ ጽሑፍ መጀመሪያው “ለዚህ ያበቃችሁኝ” ይላል። እኔ አልነገርኳትም። ራሷ ነች ያገኘችው።

አበቃ ደግሞ እንዴት ያለ ቃል ነው! ዜና አንባቢው “ዜናችን በዚህ አበቃ” ይላል፤ አለቀ ማለቱ ነው። ልጅቷ “ያበቃችሁኝ” ትላለች፤ ብቁ ያደረጋችሁኝ፣ ለወግ ለማዕረግ ያደረሳችሁኝ ማለቷ ነው። አንዱ በር ይዘጋል፣ አንዱ በር ይከፍታል። በቃ ስንልም እንዲሁ ነው። “በቃ!” ብለን ጠብ እንገላግላለን። “በቃ” ያልነው መነኩሴ ደግሞ ከፍ ካለው ደረጃ የደረሰ ነው።

ስለ ቃል ሳወራ ሁልጊዜ የሚመጡብኝ ሦስት ሰዎች አሉ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሊቅ የግእዝን መዝገበ ቃላት በአማርኛ ማዘጋጀት ጀመሩ። ሮም በነበሩ ጊዜ ኢኛሲዮ ጉዊዲ የተባለውን የኢጣሊያ ምሁር በአማርኛ ሥራው የረዱት እሳቸው ናቸው። የጉዊዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት በ1901 እ.ኤ.አ. ታተመ። የራሳቸው ግን በእጃቸው አላለቀም። ኢየሩሳሌም አብረዋቸው ለነበሩት ደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሰጡት። አስፍተው፣ እንደገና አደራጅተው ሠሩት። እሳቸውም ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. አረፉ። ሥራው ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በአደራ ተላለፈ። አለቃ ደስታ የመምህራቸውን መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙ። የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው።

ይቺን ቅደም ተከተል ደጋግሜ አስባታለሁ። አለቃ ደስታ የራሳቸው ትልቅ ሥራ በእጃቸው ነበር። ግን መጀመሪያ የመምህራቸውን ነው ከዳር ያደረሱት። የራሳቸው አሥራ አራት ዓመት ቆየ። በዚያ መሐል ዓይን ሊደክም፣ ጤና ሊጓደል፣ ሞት ሊቀድም ይችል ነበር። መምህራቸው ላይ እንደደረሰው ማለቴ ነው።

ሁለቱም መጻሕፍት ከፊቴ አሉ። ለሥራዬ በየቀኑ እገልጣቸዋለሁ። የለመደ ሰው ካልሆነ ግራ ይጋባል፤ ቃላቱ የተደረደሩት በሀ ሁ ሳይሆን በአበገደ ነው። በመጀመሪያ ዓመቴ አንድ ቃል ስፈልግ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። አሁን እጄ ለምዶታል። ገጹን ስገልጥ አንዱ የት ጋ እንዳቆመ፣ ሌላው የት ጋ እንደጀመረ መለየት አልችልም።

የድሮ ብራና ጸሐፊዎች መጽሐፉን ሲፈጽሙ “ተፈጸመ” ብለው ብቻ አይተዉትም። “ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ” ይላሉ። ለጻፈውና ላጻፈው ማለት ነው። ይቀጥላሉ፤ ላነበበው፣ ለተረጎመው፣ ቃሉን ለሰማው፣ ለሁሉም በአንድነት ምሕረት ይለምናሉ። ገና ያልተወለደ አንባቢ በፍጻሜው ላይ ስሙ አለ። እንደ አራሚ ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው። ያ ጸሐፊ ወራት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ጽፎ፣ ጀርባው ደርቆ፣ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ብቻውን አልቆመም።

ጋቢው ሕፃኑ በተወለደ በሠላሳ አራተኛው ቀን ከሸማኔው ወጣ። ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። ጣታቸውን ሸማው ላይ ወሰዱ ወሰዱና አንድ ቦታ አቆሙ። “እዚህ ጋ እጁ ተለውጧል” አሉ። ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። የእናቴ ክር ቀጭን ነው፣ እኩል ነው። የአክስቴ ትንሽ ወፈር ይላል፣ አልፎ አልፎ እብጥ ትላለች። ከሩቅ አይታይም። በጣት ግን ይታወቃል። “ይቅርታ፣ ማስተካከል አይቻልም” አሉኝ። ምን ማስተካከል ያስፈልገዋል? ጉንጬ ላይ አድርጌ እዚያው ቆምኩ።

የቀረው መቋጨት ነበር። ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለው ድር ካልተቋጨ ሸማው ይፈታል። ያ ሁሉ ልፋት ከዳሩ ይጀምርና እየተተረተረ ወደ መሐል ይገባል። አክስቴ፣ ተመራቂዋና እኔ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ጥቂት ጥቂት ክር ለይቶ በሁለት መክፈል፣ እያንዳንዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ማክረር፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ተቃራኒው መግመድ፣ ጫፉን ቋጠር። ቀጥሎ ያለውን ማንሳት። እንደገና። የእኔ እየላላ ይፈታብኛል። አክስቴ ሳትቆጣ ትፈታውና ታሳየኛለች። “ሳታከሪው አትግመጂው” ትለኛለች።

ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር። ዜና አንባቢዋ ስለ አንድ ለዓመታት የቆየ ክርክር እያወራች “መቋጫ አገኘ” አለች። ሦስታችንም እጃችን ላይ ክር ይዘን ቀና አልን። ያቺ ልጅ ሳቀች። “መቋጫ ማለት ይሄ ነው እንዴ?” አለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች፣ ጽፋዋለች፣ ፈተና ላይ ሳይመጣባት አይቀርም። ቃሉን በጣቷ የነካችው ያን ማታ ነው። እኔም ብዙ አልበልጣትም። ስንት ጽሑፍ ላይ “ተቋጨ” የሚለውን አርሜ አልፌያለሁ፤ ሲቋጭ ጣት እንደሚቀላ ግን አላውቅም ነበር።

በአርባኛው ቀን ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ብርዱ ከባድ ነበር። ወንድሜ ጋቢውን ለብሶ ሕፃኑን ከውስጥ አድርጎ ታቅፎታል። ከጥምቀቱ በኋላ ግቢው ውስጥ ፀሐይ የነካችው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። “የእማዬ የቱ ጋ ነው?” አለኝ። እጁን ይዤ ጣቱን ሸማው ላይ አስኬድኩት፤ ቀጭኑ ላይ፣ ከዚያ ወፈር ያለው ላይ። ወደ ኋላ መለሰው። እንደገና ሄደ። እንደገና መለሰው። ሕፃኑ ተኝቷል።

ቤት ስንመለስ ድግሱ እስኪቀርብ አክስቴ ጓዳ ገብታ ሙዳዩን ስታስተካክል አገኘኋት። ከሚያስፈልገው አትርፋ ፈትላ ኖሯል። ሁለት ልቃቂት ተርፏል። እንዝርቱንም ክሩ ሳይወርድለት፣ ጫፉ እንደተንጠለጠለ፣ ከባዘቶው ጋር መልሳ አስቀመጠችው።

“ምን ሊሆን ነው እትዬ?” አልኳት።

ክዳኑን ገጠመች። “ሴት ስትወለድ ደግሞ ከየት እንጀምራለን?” አለችኝና ሙዳዩን እጄ ላይ አስቀመጠችው።